የሰው መዝገብ

እሑድ ነው፣ ቅርያት ጋት፣ ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት፤
ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን ስወጣ፣
ሰባ ሁለት መዝገብ፣ ሰባ ሁለት ጣጣ፣
ከኔ ቀድሞ ገብቶ፣ ጠረጴዛው ሞልቶ፣
ገሚሱ በላስቲክ ታስሮ፣ ገሚሱ ሆዱ ተነፍቶ።

"ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል" ይባላል፤
እኔ ቢሮ ሲደርስ ባልዲው ይከፈላል።
ፍሪጁን ማን ይውሰድ? የማን ነው ብድሩ?
ረቡዕ ማታ ልጁ ከማን ጋር ነው ማደሩ?
የልጅ ቀለብ ስንት ይሁን በፋብሪካ ደሞዝ?
ቤቱስ ቢሸጥ ማን ይሸከም የባንኩን መዘዝ?

ዳኛዋ በዕብራይስጥ "ሥር የሰደደ ግጭት" ብላ የጻፈችውን
ለእናቴ እኩያ ሳስረዳ "ኩርፊያ" አልኩት ቃሉን።
አልዋሸሁም። አንገቷን እንዳትደፋ ነው የፈራሁት፤
ቃልም እንደ ጫማ ያቆስላል፣ ሳይለኩ ካጠለቁት።

አባቴ ሽማግሌ ነበር፣ ያኔ፣ ወገራ እያለን።
አንድ ኩርፊያ ለመፍታት ክረምቱን ሙሉ ይቆያል፤
ዝም ብሎ ይሰማል፣ ከዚያ እንደገና ዝም ይላል።
ለኔ የተሰጠኝ በነፍስ ወከፍ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤
ከዚያም ላይ ሁለቱን፣ ወረቀት እየነከሰ፣ ማተሚያው ይበላዋል።
ማታ ይጠይቀኛል፦ "ዛሬስ ስንቱን አስታረቅሽ?"
"ስንቱን አፋታሽ" የሚል ጥያቄ ካፉ አይወጣም።

ማክሰኞ፣ አራተኛው ቀጠሮ። የወይዘሮ እንጉዳይ ነገር።
የባሏ ስም ዳኘው፤ ማን እንደዳኘው ግን እንጃ።
ተነሣሁ፣ መዝገቡን ገለጥሁ፣ ድምፄን ሞረድሁ፦
"ክብርት ዳኛ፣ ልጆቹ ሌሊት እየባነኑ ነው፤
ትንሹ ቦርሳውን ታቅፎ ነው የሚተኛው፣
ነገ በየትኛው ቤት እንደሚነቃ ስለማያውቅ…"
ጸሐፊዋ ጻፈች። የወዲያኛው ጠበቃ አቀረቀረ።
ሁለት ደቂቃ ሙሉ።
እጅጌዬ ተሳበ።

"የኔ ልጅ፣" አለችኝ በሹክሹክታ፣
"የኔዎቹማ ጢም አብቅለዋል።
እኔ የጠየቅሁት የስፌት መኪናዬን ነው።"

የሌላ ሴት መዝገብ!
ስም አለመጥራቴ በጀኝ።
ግን ማንም አልነቃም፤ ቁስሉ ለሁሉም ልክ ነበር።
"ይሰረዝ" አለች ዳኛዋ።
ተሰረዘ። ቦርሳ ያቀፈው ልጅ ከክፍሉ ወጣ።

እንጉዳይ ራሷ ተነሣች፦
"ፔዳሉ ላይ የእግሬ ዳና አለ፣ ሠላሳ ዓመት የረገጥሁት።
የሱ እግር ከገጠመ፣ ይውሰደው።"
ዳኘው ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ።
"መስፋትማ የት አውቄ፤
ሌሊት ድምፁ ሲጠፋ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው።"

ተርጉሚ ተባልሁ።
አሥራ አንዱ ደቂቃ አልቆ ነበር፤
"እንቅልፍ" የሚለውን ቃል እንኳ ፈልጌ አጣሁት።

መኪናው ለሷ ተፈረደ። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ
በአንድ አግዳሚ ወንበር፣ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው አየኋቸው።
"ታረቁ?" አለ አባቴ ማታ።
"አልታረቁም። ተሰማሙ መሰለኝ።"
"መስማትስ ከየት ተገኘ" አለና ዝም አለ።
እንደገና ዝም አለ።

ሌሊቱን መዝገቦቹን ወለሉ ላይ ዘርግቼ
ከቁጥራቸው ጎን በእርሳስ አንዳንድ ቃል ጻፍሁ፦
ፔዳል። ቦርሳ። የረቡዕ ልጅ።
አንዱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።
ገጹን ባገላብጥ፣ ባገላብጥ፣ ፊቷ አልመጣልኝም።
ባዶውን ተውሁት።
ነገ በሁለት ሰዓት ትመጣለች፤
ታች ወርጄ እጠብቃታለሁ፣ ሊፍቱ ገና አልተሠራም።